አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞና ዐረብኛ በአንድ ኪቦርድ፦ ቋንቋ ሳይምታታ የመጻፍ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አንድ የሥራ ቀን ማለት ሦስት አራት ቋንቋ ማለት ነው። ጠዋት የማመልከቻ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል። ረፋድ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ይዞ ይመጣል። ከምሳ በኋላ ከከሚሴ የመጣ ደንበኛ በአፋን ኦሮሞ የተረቀቀ ውል ያቀርባል። አመሻሽ ላይ ደግሞ የመድረሳ የምስክር ወረቀት በዐረብኛና በአማርኛ ይታዘዛል። ኪቦርዱ ግን አንድ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ አንድ ነገር ገብቶኛል። አብዛኛው የጽሕፈት ስሕተት ፊደል ካለማወቅ አይመጣም፤ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ ካለማወቅ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ቋንቋ የሚቀይረው በማዞር ነው፤ አልትና ሺፍት ይጫናል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ አልሆነም፣ ደግሞ ይጫናል። ሁለት ቋንቋ ብቻ ሲሆን ይህ አያስቸግርም። አራት ሲሆን ግን ዓይን ከወረቀቱ ላይ ተነቅሎ በየደቂቃው ስክሪኑ ጥግ ላይ ይተከላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚያደርስ ነው፦ ቋንቋ ማዞር ትተው እያንዳንዱን በራሱ ቁልፍ መጥራት።

መመሪያው በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ነው፤ በየሱቁም በየቢሮውም ያለው እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ያለውን ይቁጠሩ

ከስክሪኑ ቀኝ በታች ከሰዓቱ አጠገብ የቋንቋ ምህጻረ ቃል ተጽፎ ይታያል። እሱን ሲጫኑት የተጫኑት ቋንቋዎችና ኪቦርዶች ተደርድረው ይወጣሉ። ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ ይቁጠሯቸው። አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ እጠቀማለሁ የሚል ሰው ኮምፒውተር ላይ አምስት ተደርድሮ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ እንግሊዝኛ ናቸው። ችግር የሚያመጡትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ የመጣ ወጣት ለሥራ ማመልከቻ ፎርም በኢንተርኔት ሊሞላ ተቀመጠ። ፎርሙ ኢሜይሉን አልቀበል አለው። ሦስት ጊዜ ጻፈ፣ ሦስቴም መለሰበት። «እህቴ፣ ኢንተርኔቱ ነው መሰለኝ» አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ የኢሜይል ምልክቷ (@) መሆን ባለባት ቦታ የጥቅስ ምልክት ቁጭ ብሏል። ሺፍትና 2 ነው የጫነው፤ ጣቱ አልተሳሳተም። ኪቦርዱ ግን በእንግሊዝ አገር አቀማመጥ ላይ ነበር። በአሜሪካው አቀማመጥ ሺፍትና 2 የኢሜይል ምልክቷን ይሰጣል፤ በእንግሊዙ ግን የጥቅስ ምልክት ይሰጣል፣ የኢሜይሏ ምልክት ደግሞ ወደ ኢንተር ቁልፍ አቅራቢያ ትሄዳለች። ኪቦርዱ ላይ የታተመው የአሜሪካው ስለሆነ ልጁ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለአንድ ፊደል ብሎ ከሐረጎ ቁልቁለት ማዶ ድረስ በማግስቱ ሊመላለስ ነበር።

ስለዚህ ምልክቶች ቦታ ሲለዋወጡብዎ ኪቦርዱ ተበላሽቷል ብለው አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ሺፍትና 2 ይጫኑ። ጥቅስ ከወጣ ምክንያቱን አገኙት።

የማይፈልጉትን ማውጣት፣ የሚፈልጉትን መጨመር

1. የዊንዶውስ ቁልፍና አይ ፊደልን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ሴቲንግስ ይከፈታል። «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ውስጥ ይግቡ። በዊንዶውስ 11 «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን»፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ላንጉዌጅ» የሚለውን ይምረጡ።

2. «አድ ኤ ላንጉዌጅ» የሚለውን ተጭነው አማርኛን ይፈልጉ። ከመጫንዎ በፊት የኮምፒውተሩን የራሱን ቋንቋ ወደ አማርኛ ልቀይር ወይ የሚል ምርጫ ካሳየዎት ምልክቱን ያንሱት። እኛ የምንፈልገው በአማርኛ መጻፍ ነው፤ ሜኑው በእንግሊዝኛ ቢቆይ ይሻላል። ሌላ ሰው መጥቶ ሲረዳዎት ወይም እንደዚህ ያለ መመሪያ ሲከተሉ ስሞቹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

3. ዐረብኛ የሚጽፉ ከሆነ በዚያው መንገድ ይጨምሩ። ዐረብኛ በየአገሩ ተዘርዝሮ ብዙ ሆኖ ይመጣል፤ ከአንዱ በላይ አይጨምሩ። ከኪቦርዶቹ «ዐረብኛ 101» የሚባለው ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

4. አሁን እንግሊዝኛው ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ላንጉዌጅ ኦፕሽንስ» ውስጥ ይግቡ። ከታች «ኪቦርድስ» በሚለው ሥር ያሉትን ይመልከቱ። «ዩ.ኤስ.» የሚለው ብቻ ይቅር። «ዩናይትድ ኪንግደም» ካለ፣ «ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል» ካለ ያውጡ። የኢንተርናሽናሉን ነገር አፋን ኦሮሞ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያስቸግር እሱ ነው።

አንዳንዴ ከሰዓቱ አጠገብ ባለው ዝርዝር ውስጥ የሚታይ ኪቦርድ እዚህ ሴቲንግስ ውስጥ ሲፈልጉት የለም። ላውጣው ቢሉ የሚጫኑት ነገር አያገኙም። መፍትሔው ግራ ይመስላል ግን ይሠራል፦ መጀመሪያ ራስዎ በእጅዎ ይጨምሩት፣ ከዚያ ያውጡት። ሲጨምሩት ዝርዝሩ ውስጥ ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ነገር ደግሞ ይወጣል።

ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ቁልፍ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ይሥሩ።

በዊንዶውስ 11 «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ውስጥ «ታይፒንግ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ይሂዱ። በዊንዶውስ 10 «ዲቫይስስ» ውስጥ «ታይፒንግ» ሥር ነው። እዚያ «ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪይስ» የሚል መስመር አለ። ሲጫኑት የድሮ ዊንዶውስ መልክ ያላት ትንሽ ሳጥን ትከፈታለች። መልኳ አያሳስታችሁ፤ ቁም ነገሩ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው መስመር ላይ በቋንቋዎች መካከል መዞሪያው ግራ አልትና ሺፍት ሆኖ ታገኙታላችሁ። መርጣችሁት «ቼንጅ ኪይ ሲኩዌንስ» ብላችሁ፣ በሁለቱም ዓምድ «ኖት አሳይንድ» የሚለውን ምረጡ። በዚህ መዞሩን አጠፋነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ አብሽሩ፣ የሚሻለውን በቦታው እንተክላለን። ሳይታወቅ ጣት ነክቶት ቋንቋ የሚቀየረው በዚሁ ጥምር ነው፤ ካልጠፋም አሁን ከምንሰጣቸው ቁልፎች ጋር ይጋጫል።

ከዚያ በታች ያሉትን ቋንቋዎች አንድ በአንድ ይምረጡ። እንግሊዝኛውን መርጠው «ቼንጅ ኪይ ሲኩዌንስ»፣ «ኢነብል ኪይ ሲኩዌንስ» የሚለው ላይ ምልክት፣ ከዚያ ግራ አልትና ሺፍትና 1። አማርኛውን በ2። ዐረብኛውን በ3። ሲጨርሱ «አፕላይ» ብለው ይዝጉ።

ከአልት ይልቅ ኮንትሮልንም መምረጥ ይቻላል። እኔ አልትን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ፦ ኤክሴል ውስጥ ኮንትሮልና ሺፍትና 1 ቁጥርን በነጥብና በኮማ የሚያሰናዳ የራሱ ትእዛዝ አለው። የደመወዝ ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው ይህን ቁልፍ ከቀሙት ይቆጣል፤ እውነቱንም ነው።

አሁን ልዩነቱን ልብ ይበሉ። በማዞር ሲቀይሩ ውጤቱ አሁን ባሉበት ላይ የተመሠረተ ነው፤ አማርኛ ላይ ካሉ ወደ ዐረብኛ፣ ዐረብኛ ላይ ካሉ ወደ እንግሊዝኛ ይወስድዎታል። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት የት እንዳሉ ማወቅ አለብዎት። በራሱ ቁልፍ ሲጠሩት ግን የትም ይሁኑ አልት ሺፍት 2 አማርኛ ነው። አማርኛ ላይ እያሉ ደግመው ቢጫኑትም ምንም አይሆንም። ይህ ማለት ጥርጣሬ በገባዎት ጊዜ ሁሉ ሳያዩ መጫን ይችላሉ ማለት ነው። ጣት ከለመደው በኋላ አዲስ መስመር ከመጀመር በፊት እንደ ትንፋሽ የሚመጣ ነገር ይሆናል።

በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ ይህ ሳይስተካከል ለሚሠሩ፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይጠቅማል። የዊንዶውሱን ቁልፍ ይዘው ሳይለቁ ስፔስን አንድ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ዝርዝሩ በዓይንዎ ፊት ይወጣል፣ የሚፈልጉት ላይ ሲደርስ ይለቃሉ። ከጭፍን መዞር በብዙ ይሻላል።

እዚያው «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም መስኮት የተለያየ ኪቦርድ ልጠቀም የሚል ምርጫ አለ። ምልክት ያድርጉበት። ዎርድ በአማርኛ እንደሆነ ይቆያል፣ ጉግል ክሮም በእንግሊዝኛ። ደብዳቤ እየጻፉ በመሀል ኢሜይል ለሚከፍት ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

አማርኛው ራሱ

የዊንዶውሱ አማርኛ ያለምንም ተጨማሪ ነገር ይጽፋል። እኔ የምጠቀመው ግን ኪማን የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከጂ.ኤፍ.ኤፍ. (ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን) የአማርኛ ኪቦርድ ጋር ነው። ከተጫነ በኋላ በአማርኛ ሥር ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጋር ይሰለፋል፤ ከላይ የነገርኳችሁ አሠራር ለእሱም ይሠራል፣ ኪማን ራሱም ለየኪቦርዱ ቁልፍ መስጫ አለው። የትኛውንም ይምረጡ፣ አንዱን ብቻ ይያዙ። ኪማንና ሌላው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፓወር ግዕዝ አንድ ላይ ተከፍተው ሲውሉ ፊደሉ ይደጋገማል፣ ይዘበራረቃል።

አጻጻፉ በድምፅ ነው። ተነባቢው ብቻውን ሲጫን ሳድሱን ይሰጣል፣ አናባቢ ሲከተለው ይቀየራል። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብለው ሲጫኑ «ሰላም» ይወጣል። ጀማሪ የሚሰናከልበትን ላሳያችሁ። «ኮምቦልቻ» ብሎ ሊጽፍ እንደ እንግሊዝኛው ሲ ከዚያ ኤች ይጫናል፤ የሚወጣው «ኮምቦልችሃ» ነው። «ች» በኪማን በሲ ብቻ ነው። ትልቁ ሲ፣ ማለትም ከሺፍት ጋር፣ «ጭ» ነው። ትልቁ ቲ «ጥ»፣ ትልቁ ኤን «ኝ»። ከዚህ የተነሣ ካፕስ ሎክ ሳይታወቅ ከተከፈተ የአማርኛ ጽሑፍ በሙሉ ይጠብቃል፦ «ት» የነበረው ሁሉ «ጥ»፣ «ን» የነበረው ሁሉ «ኝ» ይሆናል። አዲስ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ቋንቋው ተበላሸ ብሎ ዊንዶውስን አጥፍቶ ያበራል። ካፕስ ሎክን ማጥፋት ብቻ ነው።

አራት ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የምንጽፈው ሁሉ የሚያልቀው በእሱ ነው። በወረቀት ላይ «፡፡» እና «።» አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሁለት ነጥብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ሁለት ነጥብ የተደራረበ ከሆነ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ አንዱ ከላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ አንባቢ ያንን በመስመር መጀመሪያ ላይ ሲያይ ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። በኪማን የሁለት ነጥቡን ቁልፍ ሁለቴ ሲጫኑ ራሱ ወደ «።» ይቀይረዋል። ከሌላ ሰው የመጣ ጽሑፍ ከሆነ ኮንትሮልና ኤች ተጭነው ላይኛው ሳጥን ውስጥ «፡፡»፣ ታችኛው ውስጥ «።» አስገብተው ሁሉንም በአንዴ ይቀይሩ። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተጽፎም ከሆነ እሱንም ለየብቻ።

ከዚህ የባሰው የፎንት ነገር ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የአንድ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ብዙ ገጽ ጽፌ በፍላሽ ለደንበኛዬ ሰጠኋቸው። ኮምቦልቻ ወርደው ሊያሳትሙ ሲከፍቱት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ቆያቸው። ስብሰባው በማግስቱ ነበር። ሌሊቱን ደግሜ ጻፍኩት። ጽሑፉ የተጻፈው በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንት ነበር። በእንደዚህ ዓይነቱ ፎንት የተጻፈ ነገር ውስጡ የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው የአማርኛ ልብስ የሚያለብሰው፣ ፎንቱ የሌለበት ቦታ ሲሄድ ልብሱ ይወልቃል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መስፈርት) ውስጥ የራሱን ቁጥር ካገኘ ወዲህ ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ድሮ የተሠሩ ፋይሎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

መለያ ዘዴው ይኸውላችሁ። ዎርድ ውስጥ አንዱን ፊደል ብቻ ይምረጡና አልትና ኤክስ ይጫኑ። ፊደሉ ወደ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ደግመው ሲጫኑ ይመለሳል። የደሴ «ሴ» ቁጥሯ 1234 ነው። ይህን መቼም አልረሳውም፣ እናንተም አትረሱትም። «።» 1362 ነው፣ «፡» ደግሞ 1361። «ሴ»ን ነክተው 1234 ከወጣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ የትም ቢሄድ አማርኛ ነው። ሌላ ነገር ከወጣ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው፣ ከመላክዎ በፊት ወይ ይለወጥ ወይ በፒዲኤፍ ይሂድ።

ደንበኛ «ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳጥን ማለት ጽሑፉ ደህና ሆኖ ያ ኮምፒውተር የአማርኛ ፎንት የለውም ማለት ነው። ኒያላን፣ ኢብሪማን ወይም ነጻ የሆነውን አቢሲኒካን ሲመርጡለት ይነበባል። ሳጥን ያየ ሰው ደግሞ እንዲጻፍለት ገንዘብ መክፈል የለበትም።

አፋን ኦሮሞና የጠፋችው ሁዻ

አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይበቃዋል፤ ሌላ ቋንቋ መጨመር አያስፈልግም። ከሚሌ መስመር የሚመጣው አፋርኛም እንደዚሁ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁዻ ላይ ነው፣ በሁለት አናባቢ መካከል የምትገባዋ የጭረት ምልክት።

«ሬኤ» የሚለውን ቃል፣ ፍየል ማለት ነው፣ እንውሰድ። በቁቤ አር፣ ኢ፣ ሁዻ፣ ኢ፣ ኢ ነው የሚጻፈው። ኪቦርዱ በዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል ላይ ከሆነ ሁዻዋን ሲጫኑ ምንም አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ፊደል እየጠበቀ ነው። ኢ ሲጫኑ ሁዻዋ ትጠፋና ኢው ላይ እንደ ፈረንሳይኛ ጭረት ትሆናለች። ቃሉ ተበላሸ። የከሚሴ ደንበኛችን ውሉን ሲያነቡ ያዩት ይህንን ነበር፤ በየገጹ ብዙ ቦታ። ጸሐፊዋ ሁዻ የማታውቅ መስሏቸው ቅር አላቸው፤ ልጅቷ ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። ከላይ በተራ ቁጥር 4 ኢንተርናሽናሉን አውጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ማውጣት በማይቻልበት ኮምፒውተር ላይ ከሁዻ በኋላ ስፔስ አንዴ ከተጫኑ ምልክቷ ብቻዋን ትጻፋለች፣ ከዚያ አናባቢው ይቀጥላል።

ሌላው ዎርድ አፋን ኦሮሞውን እንግሊዝኛ መስሎት ማረሙ ነው። ጽሑፉን በሙሉ መርጠው «ሪቪው»፣ «ላንጉዌጅ»፣ «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ» ይሂዱና አትመርምር የሚለውን፣ «ዱ ኖት ቼክ ስፔሊንግ ኦር ግራመር»፣ ምልክት ያድርጉ። ቀዩ መስመር ይጠፋል።

ዐረብኛ፦ ከፊደሉ ይልቅ አቅጣጫው

የዐረብኛ ፊደል ያልታተመበት ኪቦርድ ላይ ለመጀመር የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኦ ይጫኑ፤ የኪቦርድ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ በተመረጠው ቋንቋ ፊደሎቹን ያሳያል። ስቲከር መለጠፍም ይቻላል፤ ቀን ተቀን የሚጽፍ ሰው ግን በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሳያይ ይለምደዋል። ላምና አሊፍ አንድ ላይ የሆነችው ቅርጽ በቢ ቁልፍ ላይ ብቻዋን እንዳለች ማወቅ ብቻ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ትልቁ ችግር አቅጣጫ ነው። አንድ ሸህ የመድረሳቸውን የምስክር ወረቀት ሊያስጽፉ መጡ፤ የተማሪው ስም በዐረብኛ፣ ከጎኑ ዓመተ ምሕረት፣ ከዚያ በቅንፍ በአማርኛ። ዓመቱን ስጽፍ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ዘለለ፣ ቅንፉም ተገለበጠ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «አብሽሪ ልጄ፣ እኔም አልቸኩል፤ ብቻ የልጁ ስም ሸጋ ሆኖ ይውጣ» አሉኝ። ስሕተቱ ዐረብኛውን ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄድ አንቀጽ ውስጥ መጻፌ ነበር። ኪቦርዱ ዐረብኛ መሆኑ አንቀጹን አያዞረውም።

ስለዚህ ዐረብኛ ከመጀመርዎ በፊት በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ያሉትን ኮንትሮልና ሺፍት አንድ ላይ ይጫኑ። አንቀጹ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፣ ጠቋሚው ወደ ቀኝ ጠርዝ ይሄዳል። ወደ አማርኛ ሲመለሱ የግራዎቹን ኮንትሮልና ሺፍት። ይህ እንዲሠራ ዐረብኛው መጫን አለበት፤ ኮንትሮልና ሺፍትም ለኪቦርድ መቀያየሪያ ተይዞ ከሆነ ከላይ ባየናት ትንሽ ሳጥን ውስጥ እሱንም «ኖት አሳይንድ» ያድርጉት። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ መስመር ከማደባለቅ ደግሞ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠርቶ ዐረብኛውን በቀኝ፣ አማርኛውን በግራ ማስቀመጥና የሠንጠረዡን መስመር መደበቅ ይቀላል። የሸሁን ወረቀት የጨረስኩት እንዲያ ነው።

ወሎ ውስጥ አማርኛን በዐረብ ፊደል የመጻፍ የቆየ ልማድ አለ፣ ዐጀሚ የሚባለው፤ መንዙማ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዲጻፍላቸው ያመጣሉ። ዐረብኛ የሌላቸው እንደ «ቸ» እና «ፐ» ያሉ ድምፆች ሲመጡ የፋርስኛ ኪቦርድ ጨምረው ከዚያ ይውሰዷቸው፤ ለእሱም አልት ሺፍት 4 ይስጡት።

ዎርድ ራሱ ቋንቋ ሲቀይር

ሁሉን አስተካክለው ሳለ ጠቋሚውን የዐረብኛው መስመር ላይ ሲያደርጉ ኪቦርዱ ብቻውን ዐረብኛ ከሆነ ዎርድ ነው የቀየረው። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ ኪቦርዱን በዙሪያው ካለው ጽሑፍ ቋንቋ ጋር አመሳስል የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክቱን ያንሱ። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወደዋል። በየቁልፉ መጥራት ለለመደ ሰው ግን ያልጠራው ቋንቋ ሲመጣ እጁን ያሳስተዋል።

በስልክ

በአንድሮይድ የጉግሉ ኪቦርድ፣ ጂቦርድ፣ ውስጥ «ላንጉዌጅስ» ገብተው አማርኛና ዐረብኛ ይጨምሩ። ስፔስን ተጭነው ሲይዙ ዝርዝሩ ይወጣል፤ የሉሏን ምልክት እየነኩ ከመዞር ይህ ይሻላል። ደንበኛ ጽሑፉን በቴሌግራም ቢልክልኝ ደስ ይለኛል፤ በስልክ የተጻፈ አማርኛ ዩኒኮድ ስለሆነ ዎርድ ላይ ለጥፌ አራት ነጥቡን ማረም ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ፓስወርድ አልቀበል ሲል

ይህ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ትክክለኛውን ይጽፋሉ፣ ተሳስተሃል ይላል። ፓስወርድ በነጠብጣብ ስለሚታይ የዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መሆኑን አያዩም። ከመግቢያው ገጽ ቀኝ በታች ጥግ ላይ ቋንቋው ተጽፏል፤ መጀመሪያ እሱን ይዩ፣ እንግሊዝኛ ካልሆነ ተጭነው ይለውጡት።

ለዘለቄታው እንዲህ ያድርጉ። «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን» ገጽ ላይ እንግሊዝኛን ከዝርዝሩ ላይኛው ቦታ ያድርጉት። ከዚያ «አድሚኒስትሬቲቭ ላንጉዌጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍተው «ኮፒ ሴቲንግስ» ይጫኑ። ከታች ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ የመጀመሪያው፣ «ዌልካም ስክሪን» የሚለው፣ ላይ ምልክት አድርገው «ኦኬ» ይበሉና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። አሁን መግቢያው ገጽ ላይ ጥጉን ይዩ፤ እንግሊዝኛ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሄዶ ሲመለስ የተሰለፈ ደንበኛ እያየዎት ፓስወርድ አይጠፋብዎትም።